ላንድሮቨር ሲሪስ 3 አጭሩ (88)፦ ቁመቱ 1.94 ለሆነ ሹፌር የትኛው ወንበር ይሻላል? (አዳማ)

ረጅሙ88

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው ላንድሮቨር ሲሪስ 3፣ አጭሩ (88፤ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 88 ኢንች የሆነው)፣ ቤንዚን፣ መሪው በግራ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ቁመቴ 1.94 ሜትር፣ ክብደቴ 96 ኪሎ። ወንበሩ ከፋብሪካው የመጣው ነው፤ ስፖንጁ ሞቷል፣ ጀርባው ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፣ ከኋላው ግድግዳ ስላለ ወደ ኋላ አይገፋም።

ፍሪሲዮን ስለቅ ግራ ጉልበቴ መሪውን ይነካል። ቀኝ እግሬን ከነዳጅ ወደ ፍሬን ሳሻግር ጭኔ ከመሪው ሥር ይያዛል። ዓይኔ ከፊት መስታወቱ የላይኛው ክፈፍ ጋር እኩል ስለሆነ ጎንበስ ካላልኩ ርቆ ያለውን መንገድ አላይም። ወደ አሰላ ሲኬድ ኢተያ ሳይደረስ ወገብ ይደነዝዛል።

አንድ የኮሮላ የሹፌር ወንበር ከነሀዲዱ ተገኝቷል። በያጁም «እግር በይጄ ሳጥኑ ላይ እተክለዋለሁ» ብሏል። ልግዛው? ካልሆነ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ብሎን ከዳዶ

ወንድሜ፣ ሳትለካ አትግዛ። ብየዳውንም ከሐሳብህ አውጣው፤ እሱን ቀጥሎ እነግርሃለሁ።

መጀመሪያ ስለ ኮሮላው። የቤት መኪና ወንበር ወለል ላይ እንዲታሰር ተደርጎ የተሠራ ነው። እንደ ሞዴሉ ቢለያይም ከሀዲዱ ግርጌ እስከ መቀመጫው ፊት 25 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ይወጣል። ላንድሮቨር ላይ ግን የምትቀመጠው ወለሉ ላይ አይደለም፤ ከወለሉ ከፍ ብሎ በተሠራው የወንበር ሳጥን ላይ ነው። እዚያ ላይ የኮሮላ ወንበር ሲጨመር ራስህ ወደ ጣሪያው፣ ጭንህ ወደ መሪው ይሄዳል፤ ዓይንህ ደግሞ ከክፈፉ በላይ ይወጣል። አሁን ያሉብህ ችግሮች በሙሉ ይብሳሉ። ብዙ ሰው ምቾት ማለት ወፍራም ወንበር ይመስለዋል። ለረጅም ሰው በዚህ መኪና ምቾት የሚገኘው ወንበሩ ከሚቆምበት ቦታ ነው፦ ዝቅ ያለ፣ ወደ ኋላ የተጠጋ፣ ጀርባው ያዘነበለ። ወንበሩን የምትመርጠው እነዚህን ሦስቱን እንዲሰጥህ ነው።

ስለዚህ ገበያ ከመውጣትህ በፊት እንዲህ ለካ። የድሮውን ትራስና ጀርባ አውጣ። ሳጥኑ ላይ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ አስቀምጥ፤ በላዩ አንድ ብርድ ልብስ አራት ላይ አጥፈህ አንጥፍ። ሁልጊዜ ስትነዳ የምታደርገውን ጫማ አድርገህ ተቀመጥ። ሌላ ሰው ሜትር ይዞ በር በኩል ይቁም። ከዚያ 2 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ጣውላዎች ከሥር እየጨመራችሁና እየቀነሳችሁ እነዚህ አራቱ የሚስማሙበትን ከፍታ ፈልጉ።

ከራስህ እስከ ጣሪያው ቢያንስ 8 ሴንቲ ሜትር ይኑር፤ ጭብጥህ በደንብ ይግባ። ጠጠር መንገድ ላይ ሰውነት ይነሳል፤ በቆመ መኪና የበቃህ 3 ሴንቲ ሜትር ሲነዳ አይበቃህም። ቀኝ እግርህ ከነዳጅ ወደ ፍሬን ሲሻገር በጭንህና በመሪው መካከል ሁለት ጣት ይለፍ። ፍሪሲዮኑ እስከ መጨረሻው ተረግጦ ጉልበትህ ትንሽ ታጥፎ ይቅር፤ እግርህ ቀጥ ካለ ርቀህ ተቀምጠሃል፤ ወገብህ በእያንዳንዱ ማርሽ ይጎተታል። ዓይንህ ከመስታወቱ የላይኛው ክፈፍ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል።

አራቱ ሲገጥሙ ከሳጥኑ እስከ መቀመጫህ ያለውን ከፍታ፣ ከኋላ ግድግዳው እስከ ጀርባህ ያለውን ርቀት ጻፍ። ሜትርህንና እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ይዘህ ነው ወንበር የምትመርጠው። ሻጩ «ለሁሉም መኪና ይሆናል» ካለህም ቁጥሩን እመን።

ብሎን ከዳዶ

አሁን ብየዳው። የሲሪስ 3 የወንበር ሳጥን አሉሚኒየም ነው፤ ማግኔት አስጠጋ፣ አይዝም። በተለመደው የኤሌክትሮድ ብየዳ ብረት ከአሉሚኒየም ጋር አይያያዝም፤ ሳጥኑን ብቻ ይበሳዋል። ከዚያ የሚበልጠው ደግሞ ይህ ነው፦ በአጭሩ ላንድሮቨር የነዳጁ ታንክ ከቀኙ ወንበር ሥር፣ እዚያው ሳጥን ውስጥ ነው። ባዶ የመሰለ ታንክ ከሙሉው ይበልጥ አደገኛ ነው፤ የሚፈነዳው ትነቱ ነው። እግሩን መበየድ ካስፈለገ ከመኪናው ውጭ፣ ከወንበሩ ጋር ብቻ ይበየድ። ከሳጥኑ ጋር የሚያያዘው በብሎን ነው።

ከመብሳትህ በፊት የሳጥኑን ክዳኖች ክፈትና ከሥርም ከውስጥም እይ፤ የፍሬን ቱቦና ሽቦ የሚያልፍበትን በጠመኔ አመልክት። በታንኩ በኩል ድሪል አይገባም፤ ተሳፋሪውንም ወንበር የምትቀይር ከሆነ ታንኩ ከነቱቦው ወጥቶ መኪናው አየር ላይ ይደር። የታንኩን ክዳን የሚዘጋ ነገርም አትትከል፤ የነዳጅ መለኪያው ሲበላሽ የሚከፈተው በእሱ ነው።

የአሰላ መንገድ

ጋሼ የጻፉት ትክክል ነው። ለዚህ መኪና ከሁሉም ቀድሞ መታየት ያለበት የሚኒባስ ወንበር ነው፤ የሀይኤስ የፊት ወንበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሀይኤስ ሞተሩ ከፊት ወንበሮቹ ሥር ስለሆነ ወንበሩ የተቀመጠው እንደ ላንድሮቨሩ ሳጥን ላይ ነው። ስለዚህ ታቹ ቀጭን ነው። ጀርባው ይተኛል፣ የራስ መደገፊያውም ከፍ ይላል። ባለሙያ ሹፌር ቀኑን ሙሉ እንዲቀመጥበት የተሠራ ስለሆነ ስፖንጁም ጠንካራ ነው።

የቪትዝ ወንበር ብዙዎች ይሞክራሉ፤ ስፋቱ ይገባል፤ ግን መቀመጫው ለረጅም ሰው አጭር ነው፣ ጭኑ ግማሹ አየር ላይ ይቀራል። የፕራዶ ባለ ኤሌክትሪክ ወንበር ከባድ ነው፣ ከሥሩ ያለው ሞተር ከፍ ያደርገዋል፤ ለዚህ ሳጥን አይሆንም። የአይሱዙም ባለ ሞላ ወንበር እንዲሁ፤ ሞላው ብቻውን ያለህን ከፍታ ይበላዋል።

አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ብትወርድ ምርጫው ይሰፋል፤ አዳማም የተጋጨ ሚኒባስ የሚፈታባቸው ጋራዦች አሉ። የትም ብትገዛ መሬት ላይ አስቀምጠህ ተቀመጥበትና ወገብህን ግራና ቀኝ አወዛውዝ። ከወዛወዘ ወይ ሀዲዱ ተበልቷል ወይ ማዕቀፉ ተሰንጥቋል። ጀርባውን አስተኝተህ ሁለቱም ጎኖች እኩል መቆለፋቸውን እይ፤ በአንድ ጎን ብቻ የሚይዝ ወንበር ከግጭት የወጣ ነው። ገልብጠውና ስፖንጁን ከሥር በጣትህ ፈትገው፤ እንደ ዱቄት ከረገፈ ጨርቁ ቢያምርም ስፖንጁ አልቋል። ሀዲዱን፣ ብሎኖቹንና የቀበቶ መያዣውን አብረህ ውሰድ፤ ኋላ ለየብቻ ፍለጋ ይጨርስሃል።

ከአዲስ ሞዴል መኪና የወጣ ወንበር ጎኑ ላይ የኤርባግ ምልክት ወይም ከሥሩ ቢጫ ሶኬት ካለው ተወው። ሽቦውን መቁረጥም ሆነ በመለኪያ መሞከር ሊያፈነዳው ይችላል።

ቀይ አቧራ

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? የኋላውን ግድግዳ በግራይንደር መቁረጥ ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይገኛል፣ ችግሩም እዚያው ያልቃል። ውጭ አገር ያሉት ሁሉ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ብሎን ከዳዶ

ቀይ አቧራ፣ የሚያደርጉት እውነት ነው፤ ግን ዝም ብለው አይቆርጡም። ያ ግድግዳ የኋላውን ገንዳ ግራና ቀኝ ጎን አንድ ላይ የሚይዘው ነው። በምትኩ ምንም ሳይገባ ከተቆረጠ ጎኖቹ ወደ ውጭ ይከፈታሉ፤ በሮቹ መዝጋት ያቆማሉ፣ የበሩ ምሰሶ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ይወዛወዛል።

መቆረጡ የግድ ከሆነ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ አቁም። በበሮቹ ዙሪያ ያለውን ክፍተት ለካና ጻፍ፤ የገንዳውንም ሁለት ሰያፍ ልኬት ውሰድ። ከመቁረጥህ በፊት 40 በ40፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦላሬ ከግድግዳው የላይ ጠርዝ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ከጎን እስከ ጎን ግጠም። ጫፎቹ ላይ 5 ሚሊ ሜትር ላሜራ ተበይዶ በእያንዳንዱ ጎን በአራት ብሎን ይታሰር። ብየዳው ውጭ ያልቅ፤ መኪናው ውስጥ የሚደረገው ማሰር ብቻ ነው። ከዚያ በ1 ሚሊ ሜትር ዲስክ ቁረጥ። ከወንበሩ ጀርባ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው የሚቆረጠው፤ ታችኛው 10 ሴንቲ ሜትር ይቅር። ጠርዙን በሞረድ አለስልሰህ በላስቲክ ሸፍነው። ልኬቶቹን ድገም፤ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰ ቱቦላሬው አልያዘም ማለት ነው።

ሌላም አለ። ግድግዳው ዕቃ ወደ ሹፌሩ እንዳይመጣ ይከለክላል፤ ከተቆረጠ ወፍራም የሽቦ መረብ መግባት አለበት። የመኪናውን አካል መቀየር ስለሆነም ቦሎ በምታስመረምርበት ቦታ አስቀድመህ ጠይቅ። እኔ ግን ለ1.94 ሰው ግድግዳው መነካት አለበት ብዬ አላምንም። ግድግዳው የሚደርሰው ወገብ ድረስ ነው። የሚተኛ ጀርባ ያለው ወንበር ከግድግዳው ፊት ተተክሎ ከላይ በግድግዳው ላይ አልፎ ማዘንበል ይችላል። ጀርባው 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነና 15 ዲግሪ ካዘነበለ ጫፉ 15.5 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይሄዳል። ትከሻህ ቦታ አገኘ ማለት ነው፤ አንድም ነገር አልቆረጥክም።

ቀይ አቧራ

የሰያፉ ልኬት ነገር አልታየኝም ነበር፤ ይቀበሉኝ ጋሼ። መረቡም ተገቢ ነው።

ረጅሙ88

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንደተባለው በኮምፔንሳቶና በጣውላ ተለካ። ከአራቱ ሦስቱ የሚስማሙት ከሳጥኑ 11 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። በዚህ ከፍታ ራስ ከጣሪያ 10፣ ዓይን ከክፈፉ 9 ዝቅ ይላል። ጭን ከመሪው ግን 1.5 ብቻ ነው። ጀርባዬ አሁን ካለበት 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ መሄድ አለበት።

የሀይኤስ ወንበር አይቼ ለካሁ፦ ከሀዲዱ ግርጌ ስቀመጥበት 16 ሴንቲ ሜትር ነው። 5 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ይህን ከየት ልቀንስ? ሁለተኛ፣ የወንበሩ ማስተኛ እጀታ በበሩ በኩል ነው፤ በሩ ሲዘጋ እጅ አይገባም።

ብሎን ከዳዶ

ጥሩ ለክተሃል። 5 ሴንቲ ሜትሩ ከሦስት ቦታ ይገኛል።

አንደኛ፣ መኪናውን የምትነዳው አንተ ብቻ ከሆንክ ሀዲዱን አውጣው። ሀዲዱ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይወስዳል። በምትኩ 40 ሚሊ ሜትር ስፋትና 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች ከወንበሩ ሥር በርዝመቱ እሰር። በየ3 ሴንቲ ሜትሩ ሦስት ረድፍ ቀዳዳ ብሳ፤ ሌላ ሰው ሲነዳ አራት ብሎን ፈትቶ ወደ ፊት ማምጣት ይቻላል።

ሁለተኛ፣ መሪህ በግራ ስለሆነ አንተ ከታንኩ ሳይሆን ከመሣሪያ ሳጥኑ በላይ ነህ። ክዳኑን ክፈትና እይ፤ ባትሪ ወይም ተጨማሪ ታንክ ከሌለበት ክዳኑን አውጥተህ የወንበሩ ሆድ ወደ ጉድጓዱ 2 ሴንቲ ሜትር እንዲገባ ማድረግ ይቻላል። ጠፍጣፋ ብረቶቹ ግን በጉድጓዱ ግራና ቀኝ ባለው ጠንካራ ጠርዝ ላይ ይረፉ፤ ክዳኑ ላይ የታሰረ ወንበር በመጀመሪያው ጠንካራ ፍሬን ይነቀላል።

ሦስተኛው ከስፖንጁ ነው፤ እሱን «መርፌና ክር» የምትባለው እህታችን ታውቃለች፤ ለእሷ ልተወው።

ለእጀታው መፍትሔ አለ። የተሳፋሪውን፣ ማለትም የቀኙን ወንበር ግዛና በግራ ትከለው። እጀታው ወደ መሃል ይዞራል፤ እዚያ ቦታ አለ። ይህ የሚሆነው የመሃሉ ወንበር ከወጣ ነው፤ ሊብሬው ላይ የሰው ብዛት የተጻፈ መሆኑን አትርሳ። አንድ ነገር ግን ይቀየራል፦ የቀበቶው መያዣ ወንበሩ ላይ የታሰረ ከሆነ አሁን በር በኩል ይመጣል። ከወንበሩ ፈትተህ ወደ መሃል ማዛወር አለብህ፤ በር በኩል የቀረ መያዣ ከቀበቶው ጋር አይገናኝም።

ለጭንህ የጎደለው ደግሞ ከመሪው ይገኛል። የፋብሪካው መሪ ዲያሜትሩ 43 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በ38 ሲቀየር ከሥር 2.5 ሴንቲ ሜትር ይከፈታል። ዋጋው በክንድህ ነው፦ መሪው ኃይል አጋዥ የለውም፤ ሲያንስ በቆመ መኪና ማዞር 13 በመቶ ገደማ ይከብዳል። የጎማ ነፋስህን ጠብቅ፣ የመሪ ጫፎችን ቅባት አጠጣ፤ ይቻላል። መሪ ስትገዛ የዘንጉን ጥርሶች ቁጠር፤ ቁጥሩ ያልገጠመ መሪ በመዶሻ አይገባም፤ ቢገባም ያድጣል፤ ያ ደግሞ ሕይወት ነው።

መርፌና ክር

ሰላም ወንድሞቼ። ስፖንጁ ላይ የሚሠራ ስህተት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ለስላሳ ስፖንጅ ወፍራም አድርጎ መሙላት። 96 ኪሎ ሰው ሲቀመጥበት 12 ሴንቲ ሜትሩ 4 ይሆናል፣ ጭራ አጥንቱ ላሜራውን ያገኛል። ወገብ የሚደነዝዘው እዚያ ነው።

ቀጭን ሆኖ የሚያሳርፍ መቀመጫ በሁለት ንብርብር ይሠራል። ታች 4 ሴንቲ ሜትር ጠንካራ፣ በኪዩቢክ ሜትር ከ50 ኪሎ የማያንስ፤ ላይ 3 ሴንቲ ሜትር መካከለኛ፣ 35 ገደማ። ስፖንጅ ሲሸጥልህ ዴንሲቲውን ጠይቅ፤ ካልነገሩህ ቁራጩን መዝነው። 50 ሴንቲ ሜትር በ50 በ4 የሆነ ቁራጭ 10 ሊትር ስለሆነ ባለ 50ው ግማሽ ኪሎ መምዘን አለበት። 300 ግራም ከሆነ ባለ 30 ነው፤ ለታች አይሆንም።

ከስፖንጁ ሥር ላሜራ ካለ በላሜራው ፈንታ የጎማ የውስጥ ላስቲክ ወርድ 5 ሴንቲ ሜትር እያደረግህ ቁረጥና በማዕቀፉ ላይ አግድምና ቁልቁል እንደ ሰሌን ሸምነው። እያንዳንዱን ከርዝመቱ አሥር በመቶ ስበህ እሰር። ይህ እንደ ሞላ ይሠራል፤ ከፍታም አይወስድም። በሀይኤሱ ላይ ያለውን ወፍራም ስፖንጅ በዚህ ብትተካው 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ትላለህ፤ ምቾቱም ይጨምራል።

ረጅም ሰው ጭኑ ረጅም ነው፤ መቀመጫው ከጉልበቱ ጀርባ አራት ጣት ሲቀረው ማለቅ አለበት። የሀይኤሱ ከዚያ ካጠረ ፊቱ ላይ ጠንካራ ስፖንጅ በኮላ ይለጠፋል፤ እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ያለ ድጋፍ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ ከሥሩ 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ይፈልጋል። የፊቱ ጠርዝ ክብ ይሁን፤ ማዕዘን ከሆነ ደም ሥር ይጫናል፣ እግር ይደነዝዛል። መቀመጫው በሙሉ ፊቱ ከኋላው 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ በ40 ሴንቲ ሜትር ርዝመት 4 ዲግሪ ያህል ነው። ከሥር ሮንዴላ በመደራረብ ይስተካከላል። ከዚያ ካለፈ ጭኑ መሪውን ይነካል።

ለወገቡ ቶሎ አትቁረጥ። አንድ ፎጣ ጠቅልለህ ከመቀመጫው ከ18 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ከጀርባህ አድርግና እስከ ወንጂ ንዳ። ደርሰህ ስትወርድ ወገብህ ቀጥ ካለ ቦታውን በጠመኔ ምልክት አድርግ፤ ካልሆነ 2 ሴንቲ ሜትር አንሳው ወይም ዝቅ አድርገው። ቦታው ሲገኝ 3 ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ ጎኖቹን አሳስተህ ለጥፍ። ከ3 የበለጠ ወገብ አይደግፍም፤ ወደ ፊት ይገፋና ያገኘኸውን ቦታ መልሶ ይወስዳል።

ልብሱ፦ የአዳማን ፀሐይ አስበህ ምረጥ። ፕላስቲክ ሌዘር መኪናው ጥላ ሥር ቆሞ እንኳ ይግላል፣ ላብ ይይዛል፣ በሦስት ዓመት ስፌቱ ላይ ይሰነጠቃል። ወፍራም የጥጥ ሸራ ከላይ፣ ጎኖቹ ሌዘር ቢሆኑ ጥሩ ነው። ሸራው ከመሰፋቱ በፊት ሁለት ጊዜ ታጥቦ ይድረቅ፤ አለበለዚያ ከተሰፋ በኋላ በመጀመሪያው እጥበት ያጥርና ማዕዘኖቹ አይገቡም። ከኋላ ዚፕ ይኑረው፤ አቧራው ስለማይቀር በየወሩ ወልቆ መታጠብ አለበት። ክሩ ናይለን ወይም ፖሊስተር ይሁን፤ የጥጥ ክር በላብና በፀሐይ ይበሰብሳል።

ባለ40

ከርዕሱ ብዙም አልወጣሁም ብዬ ነው፤ የእኔ ላንድክሩዘር ባለ 40 ነው፣ እ.ኤ.አ. 1976 የተሠራ። ይህ ሁሉ ለእኔም ይሠራል?

ብሎን ከዳዶ

አለካኩ አንድ ነው፤ አተካከሉ ይለያል። ወለሉ ብረት ስለሆነ የአሉሚኒየም ችግር የለብህም። በዚያ ዘመን በተሠሩት ባለ 40ዎች ግን የነዳጁ ታንክ ጋቢናው ውስጥ፣ ከተሳፋሪው ወንበር ሥር ነው። በዚያ በኩል የቤት መኪና ወንበር ከነሀዲዱ አይቀመጥም፤ ብየዳም የሚታሰብ አይደለም። በሹፌሩ በኩል ቦታው ይሻላል። ወለሉን ከሥር በካቻቢቴ እየወጋህ ፈትሽ፤ የበሰበሰ ቦታ ላይ ወንበር አይታሰርም፤ መጀመሪያ ላሜራው ይቀየር።

ረጅሙ88

የቀኙ ወንበር ተገዛ። ጠፍጣፋ ብረቶቹ ተቆርጠዋል። ሳጥኑን ልበሳ ነው፤ ብሎኑ ስንት ቁጥር ይሁን? ጋራዡ M8 ብሏል። ቀበቶውስ?

ብሎን ከዳዶ

አዲስ ለምትበሳው M8 ጥሩ ነው፤ ራሱ ላይ 8.8 የተጻፈበት። ከመኪናው ብሎኖች ጋር ግን አታደባልቀው። የሲሪስ 3 ብሎኖች አብዛኞቹ ዩኤንኤፍ (በኢንች የሚለካ፣ ጥርሱ ደቃቅ የሆነ ዓይነት) ናቸው። 5/16 ዩኤንኤፍ ከM8 ጋር ለዓይን አንድ ይመስላል፦ አንዱ 7.94፣ ሌላው 8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጥርሱ ግን ሌላ ነው። ሁለት ዙር ገብቶ ይጠብቃል፤ በኃይል ሲዞር ጥርሱን ይበላዋል። በ13 ቁልፍ ሲያዝ የሚላወስ ብሎን ካገኘህ ግማሽ ኢንች ነው፤ ለብቻው አስቀምጥ።

ቀዳዳው 8.5 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከሳጥኑ ሥር በእያንዳንዱ ብሎን 60 በ60፣ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ላሜራ አድርግ፤ ተራ ሮንዴላ ብቻ ከሆነ አሉሚኒየሙን ቀዶ ያልፋል። በብረቱና በአሉሚኒየሙ መካከል 2 ሚሊ ሜትር ላስቲክ ይግባ፣ ከላይም ከሥርም። ሁለቱ ተነካክተው እርጥበት ሲያገኙ አሉሚኒየሙ ነው የሚበላው፤ በብሎኑ ዙሪያ ነጭ ዱቄት ካየህ ጀምሯል ማለት ነው። ብረቶቹን ከመግጠምህ በፊት ሁለት ጊዜ አንቲራስት ቀባ። ዳዶው ናይለን ያለበት ይሁን፤ ከ200 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግመህ አጥብቅ፤ ላስቲኩ ይተኛል።

ቀበቶ ወንበሩ ላይ አይታሰርም። ዳሌ ላይ የሚመጣው ሁለቱ ጫፍ ከሳጥኑ አልፎ ወደ ሻሲው ወይም የፋብሪካው የቀበቶ ቦታ ይሂድ። የትከሻው ጫፍ ደግሞ ከትከሻህ እኩል ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ይህ በረጅም ሰው ላይ በብዛት የሚበላሽ ነገር ነው፦ አዲሱ ወንበር ትከሻውን ወደ ኋላ ሲወስደው የድሮው መያዣ ከትከሻው በታች ይቀራል፤ ግጭት ላይ ቀበቶው ትከሻውን ወደ ታች ይጫናል፣ የሚጎዳው አከርካሪ ነው። ከፍ ያለ ቦታ ከሌለህ ከበሩ ምሰሶ ጀርባ ወደ ሻሲው የወረደ ጠንካራ ቱቦ ያስፈልጋል። የቀበቶ ብሎን 7/16 ዩኤንኤፍ፣ ጥርሱ በኢንች 20 ነው። የጃፓን መኪና ቀበቶ ብሎንም አብዛኛው ይኸው ስለሆነ ከሚኒባሱ ከነብሎኑ ውሰደው።

የአሰላ መንገድ

የራስ መደገፊያውን እንዳትረሳ። ጫፉ ከራስህ ጫፍ ጋር እኩል ይሁን። የሀይኤሱ ለ1.94 ላይደርስ ይችላል፤ ሁለቱ ዘንጎች ረዝመው ይሠሩ፤ ዲያሜትሩ እኩል በሆነ ድፍን ብረት፣ ግን ቢያንስ 8 ሴንቲ ሜትሩ ጀርባው ውስጥ ይቅር።

ረጅሙ88

ተገጥሟል። መጨረሻ ልኬቱ ለሚፈልግ፦ ከሳጥኑ 11.5 ሴንቲ ሜትር፣ ራስ ከጣሪያ 9.5፣ ዓይን ከክፈፉ 8.5፣ ጭን ከመሪው በ38ቱ መሪ 3.5። ጀርባው 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ሄዷል፤ ግድግዳው አልተነካም። ጋሼ፣ መርፌና ክር፣ ሁላችሁም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አንድ ነገር ቀርቷል። ኮብልስቶን ላይ ከወንበሩ ሥር «ጢቅ ጢቅ» የሚል ድምፅ አለ። ብሎኖቹ ጠብቀዋል።

መርፌና ክር

ላስቲኮቹ ማዕቀፉን የሚነኩበት ቦታ ላይ ከሆነ ድምፁ ደረቅ ጭርጭርታ ይሆናል፤ ትንሽ ታልክ ዱቄት ይበቃዋል። ጢቅታ ከሆነ ግን ከእኔ ሥራ አይደለም።

ብሎን ከዳዶ

የጀርባው መቆለፊያ ነው። በማይነዳበት ጊዜ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጀርባውን ይግፋ፤ አንተ በሁለቱም ጎን ያለውን የጥርስ ማርሽ በጣትህ ያዝ። በእጀታው በኩል ጸጥ ካለና በሌላው በኩል ካንቀጠቀጠ ሁለቱን ጎኖች የሚያገናኘው ዘንግ ላልቷል፤ ሲቆለፍ አንድ ጥርስ ወደ ኋላ ቀርቷል። ዘንጉን የሚይዘውን ፒን አውጣ፣ ሁለቱንም ጎኖች እኩል አስቆልፍ፣ መልሰህ ግጠም። ግሪስ አድርግበት፤ ዘይት አይሁን፣ ዘይቱ ወርዶ ስፖንጁን ይበላዋል።